የዱቤ ደብተሬን ለምን አልዘጋሁም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁ እኔ ጋ የምትደርሰው ማታ ነው። አንዱ ጎረቤት ይገዛታል፣ ከዚያ ከሱቅ ሱቅ ትዞራለች። እኔ ጋ ስትመጣ ዳር ዳሯ ተልጦ፣ መሃሏ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞባት ነው። እኔም ከዳር እስከ ዳር አነባታለሁ።

ሰሞኑን ትንንሽ ነጋዴዎች በጦርነትና በኑሮ ውድነት ጊዜ ሱቃቸውን እንዴት ማቆየት እንደሚችሉ የሚመክር ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ይገባኛል። ብዙውም ልክ ነው። ግን ከምክሮቹ ሁሉ ፊት የተቀመጠው ዱቤ ዝጉ የሚለው ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ በእጁ ያልያዘን ሰው አታስተናግዱ ይላሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔን በሁለቱ ዓመት ጦርነት ደግፎ ያቆየኝ ዱቤ ነው። አባቴንም በ1970 ያቆየው ዱቤ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሐረርን ለማያውቅ አንባቢ መጀመሪያ ሰፈሬን ላስተዋውቅ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስድ ጠባብ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። ሁሉም የስፌት መኪናውን በር ላይ አውጥቶ ይቀመጣል። ጠዋት ሁሉም መርገጥ ሲጀምር ድምፁ መንገዱን ይሞላዋል። የሰፈሩ ስምም የመጣው ከዚያ ነው። ጨርቁን እዚያው ካለ ሱቅ ትገዛለህ፣ ተሻግረህ ትለካለህ፣ ገበያህን ጨርሰህ ስትመለስ ልብስህ ደርሶ ይጠብቅሃል። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ ቱሪስቱ እኛ በር ላይ ሳይቆም አያልፍም ነበር።

የኔ መኪና ሲንገር ነው፤ የእግር። አባቴ ነው የገዛው። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይታያል። መብራት አይጠይቅም። ለኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መብራት ሲሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እኔ እረግጣለሁ። ካውያዬም የከሰል ነው።

በ1969 ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ተጠቃች፤ አልወደቀችም። መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። ከዚያ ጦርነቱ ወደኛ መጣ። ኅዳር ላይ ሐረር አፋፍ ደረሰ። ሌሊት የመድፍ ድምፅ እንሰማለን። እናቴ እኛን ልጆቹን የድንጋዩ ግድግዳ ወፈር ያለበት ጥግ አስተኝታ እሷ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ጥር ላይ ጦሩ ከሐረር ዙሪያ ተገፋ፣ የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ተመለሰች። ያንን ሁሉ ወር እንዲያ ነው ያሳለፍነው።

ገበያውን የገደለው ግን መድፉ ብቻ አልነበረም። የጅቡቲው ባቡር ድልድዮቹ ተመትተው ቆመ። ባቡሩ ለኛ ምን እንደነበር ዛሬ ያሉ ልጆች አያውቁትም። ጨርቁ፣ ክሩ፣ መርፌው፣ ቁልፉ በባቡር ድሬዳዋ ይገባል። ከድሬ በመኪና ዳገቱን ወጥቶ ሐረር ይደርሳል። ባቡሩ ሲቆም የጨርቅ ሱቆቹ መደርደሪያ ወዲያው ሳሳ። ብዙ ልብስ ሰፊ መኪናውን ጠቅልሎ ወደ መሃል አገር ሄደ። አባቴ አልሄደም። መኪናውን ከበር ወደ ውስጥ አስገባ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ።

አዲስ የሚያሰፋ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አሮጌ ጠገነ። ጉልበቱ ላይ ያለቀ ሱሪ፣ ብብቱ የተተረተረ ቀሚስ፣ ከትልቁ ልጅ ለትንሹ የሚጠብ ኮት። የሚከፍለው ግን ከየት ያምጣ? ደመወዝተኛው ግማሹ ቤተሰቡን ይዞ ወጥቷል። ከገጠር ወተትና አትክልት ይዘው የሚገቡት እናቶችም ጥሬ ብር አልነበራቸውም። አባቴ ደብተር አወጣ።

ያ ደብተር ዛሬም እኔ ጋ አለ። የልኬት ደብተር ነው። ፊት ፊቱ ላይ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ርዝመት እያለ ቁጥር ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሲገለጥ ግን ገጹ መሃል ላይ በእርሳስ መስመር ለሁለት ተከፍሏል። በስተግራ ያለባቸው ይላል። በስተቀኝ ያለብኝ ይላል። በስተግራው ዕዳው ሁሉ በብር አይደለም የተጻፈው። ሁለት ቁና ማሽላ። አንድ ሸክም እንጨት። የስድስት ቀን ወተት። አባቴ በብር ያልጻፈበትን ምክንያት ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር። ብር ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ማሽላ ግን ማሽላ ነው። በኅዳር የሰፋበትን ሁለት ቁና በሰኔም ሁለት ቁና አድርጎ ይቀበላል። በዚያ ማሽላ እናቴ አምስት ልጅ አበላች።

በስተቀኝ ያለው፣ ያለብኝ የሚለው አጭር ነው። እዚያ የተጻፉት ቀብድ ከፍለው ያልተመለሱ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ወታደሮች ናቸው። ሐረር የሦስተኛ ክፍለ ጦር ከተማ ነበረች፣ ደንበኛችን ብዙው ወታደር ነበር። አንዱ ከመዝመቱ በፊት ሦስት ብር ቀብድ ከፍሎ የሲቪል ሱሪ አዘዘ። አባቴ ሰፍቶ ጨረሰው። ሰውየው አልመጣም። ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ቆየ። ከዚያ በአባቴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ተብሎ ተዘግቷል፤ ሱሪው በመድኃኔዓለም ደጅ ለነዳይ ተሰጠ፣ ሦስት ብር ለጧፍ። ይህን መስመር ሳነበው ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ዱቤ የሚባለው ነገር አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳልሆነ የተማርኩት እዚያ ነው። ሰው ለኛ ዕዳ አለበት፣ እኛም ለሰው ዕዳ አለብን።

አባቴ በ1992 አረፈ። መኪናው፣ መቀሱና ደብተሩ ለኔ ተረፉ።

አሁን ወደኔ ዘመን ልምጣ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር እኛ ሩቅ ነበርን። እዚህ መድፍ አልተሰማም። መጀመሪያ የተሰማን በክር ነው። ከዚያ በፊት በኮሮናው የቱሪስቱ እግር ጠፍቶ ነበር፣ ጦርነቱ ሲጨመርበት ጭራሽ ቀረ። ሰርግም ቀነሰ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ የኮምቦልቻው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አቆመ። ኅዳር ላይ ደግሞ ሚሌ ላይ የጅቡቲው መንገድ ይዘጋል የሚል ወሬ ነፈሰ። መንገዱ አልተዘጋም። ወሬው ግን ይበቃል። ሰኞ የጠየቅኩበትን የክር ዋጋ ሐሙስ አላገኘውም።

ድሬዳዋ ያለው ጅምላ ነጋዴዬ ለዓመታት ጣቃ ጨርቅ በዱቤ ይሰጠኝ ነበር። በአሥራ አምስት ቀን እከፍላለሁ፣ አንድ ቀን አላሳለፍኩበትም። በዚያው ኅዳር ስልክ ደውዬ ጨርቅ ላክልኝ ስለው፦ «አቦ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ከአሁን በኋላ በእጅ ብቻ ነው» አለኝ። አልተቀየምኩትም። እሱም የሚያመጣበት ሰው እንደዚያው ብሎታል። ግን በዚያ ቀን ስልኩን ዘግቼ ባዶውን መደርደሪያ እያየሁ ቁጭ አልኩ። ዱቤ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ያየሁት በራሴ ላይ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን በሩን ቢዘጋ ከተማ የሚባል ነገር አይኖርም።

ባንክም አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የቤቴን ካርታ አስይዤ ለኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ ለሚዘመዝመው መኪና፣ ብድር ጀምሬ ነበር። ነሐሴ 2013 ላይ ባንኮች በመያዣ ማበደር ለጊዜው እንዲያቆሙ ተደረገ። ፋይሌ እዚያው ቀረ። የኦቨርሎኩን ነገር ተውኩት።

የቀረን ዕቁብ ነው። አሥራ አራት ነን፤ ልብስ ሰፊዎች፣ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጡ ሁለት ልጆች፣ አንዲት ጥልፍ የምትሠራ እህት። በሳምንት ሦስት መቶ ብር እንጥላለን። ጠቅላላው አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው። በጦርነቱ ዓመት አንድ ነገር ቀየርን። ዕጣ ማውጣቱን ትተን ለቸገረው ቀድሞ ይሰጥ አልን። ዳኛው በየሳምንቱ ማን ጠበበው ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ሰው አፈረ፣ ችግሬን በሰው ፊት አላወራም አለ። ስለዚህ ዳኛው አርብ ከሰዓት አንድ በአንድ ሱቅ እየገባ ለብቻ ማናገር ጀመረ። እኔም ታኅሣሥ ላይ ተራዬ ሳይደርስ ወሰድኩ። በሱ ክር፣ ገበርና ዚፕ ገዛሁ። ጨርቅ አልገዛሁም።

ጨርቅ ያልገዛሁት አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው። አዲስ የሚያሰፋ አልነበረምና አሮጌ ልጠግን አልኩ። እዚህ አገር ከቶጎ ውጫሌ በጅጅጋ በኩል የሚገባ ሰልባጅ ስላለ ለብዙ ዓመት ማንም ልብስ አያስጠግንም ነበር። ሸሚዙ ሲያልቅ ሌላ ሰልባጅ ይገዛል። በ2014 ሰልባጁም ተወደደ። ሰው የቤቱን ሳጥን መፈተሽ ጀመረ። ያኔ ኮሌታ መገልበጥ ተመለሰ።

ኮሌታ መገልበጥን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ይኖራልና ልንገረው። የወንድ ሸሚዝ ቀድሞ የሚያልቀው አንገቱ ላይ ነው፣ ኮሌታው የሚታጠፍበት መስመር ላይ። ጢም ይፍቀዋል፣ ላብ ይበላዋል፣ ነጭ ጭረት ይሆናል፣ ከዚያ ይቀደዳል። የቀረው ሸሚዝ ግን ደህና ነው። እኔ ኮሌታውን በምላጭ ጫፍ ስፌቱን ብቻ እየነካሁ እፈታዋለሁ። ይሄ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ጨርቁን ከነካኸው አለቀ። ሲፈታ የድሮው ቀለም ከውስጥ ይወጣል፣ ሰማያዊው እንደተገዛበት ቀን ሰማያዊ ሆኖ። የተበላውን መስመር ከውስጥ በስስ እራፊ እደግፈዋለሁ። ከዚያ ኮሌታውን ገልብጬ ደህናውን ፊት ወደ ላይ አድርጌ፣ በካውያ ተጭኜ፣ በድሮው ቀዳዳ ላይ መልሼ እሰፋዋለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚፈልገው አንድ ክንድ ክር ቢሆን ነው። ሌላው ሁሉ የኔ እጅና የኔ ዓይን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን በደንብ እንዲሰሙኝ እለምናለሁ። ዱቤ ነጋዴን ይገድላል የሚሉት እውነት አለው። ዘይት የሚሸጥ ሰው ዛሬ አንድ ጀሪካን በዱቤ ቢሰጥ በወሩ ገንዘቡ ሲመለስለት ጀሪካኑን አይገዛለትም። በ2014 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባለ ዘይቱ ዱቤ ቢዘጋ አልፈርድበትም። የኔ ዕቃ ግን እጄ ነው። እጄን ነገ ከድሬዳዋ በአዲስ ዋጋ አልገዛውም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ከውጭ የሚገዛውን፣ ክሩን፣ ዚፑን፣ ገበሩን በእጅ እቀበላለሁ። የእጄን ዋጋ በዱቤ እተወዋለሁ። አሥር ብር የሌለው ሰው እምብዛም አይመጣም። መቶ ብር የሌለው ግን ሞልቷል። አሥሯን ከፍሎ ሸሚዙን ለብሶ ይሄዳል፣ ዘጠናው ደብተር ላይ ይጻፋል። እኔ ደግሞ አሥሯን ይዤ ነገ ክር እገዛለሁ። መኪናዬ አንድ ቀን አልቆመም።

ሌላም ደንብ ነበረኝ። ለደንበኛውም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጠዋለሁ፣ ሁለታችንም አንድ ነገር እንድናነብ። ሰው ዕዳውን የሚክደው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይረሳል፣ ወይም እኔ የጨመርኩበት ይመስለዋል። ወረቀቱ ጠብ አጠፋልኝ። ከፈቀዱልኝ ሰዎች ጋር ደግሞ እንደ አባቴ ዕዳውን በብር ሳይሆን በክር ጻፍኩት። ሦስት ጥቅል ክር ብለን ተስማማን። ሲከፍሉኝ የዚያን ቀን ዋጋ ነው፣ ቢወደድም ቢረክስም። አንድ መምህር እንዲያውም ክሩን ራሱን ከድሬ ገዝቶ አመጣልኝ።

መስከረም ላይ ዩኒፎርም ይመጣል። በ2014ም በ2015ም እናቶች ይዘው የመጡት አዲስ ጨርቅ ሳይሆን የአምናውን ዩኒፎርም ነበር። ልጁ አድጓል፣ ልብሱ አጥሯል። ዱሮ ስሰፋ ከታች ሦስት ጣት ትርፍ መተው ልማዴ ስለነበር ፈትቼ አስረዘምኩላቸው። የታጠፈበት መስመር ይታያል። በካውያና በእርጥብ ጨርቅ ብጫነው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አንዷ ልጅ መስመሩን አይታ አለቀሰች፤ ጓደኞቼ አሮጌ መሆኑን ያውቁብኛል አለች። መስመሩ ላይ ዙሪያውን ጠባብ ጥልፍ እንዲሠራበት ለዕቁብ ጓደኛችን ሰጠኋት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች አራት ልጆች ያንኑ ጥልፍ አሠርተው ሄዱ።

አልሸሽጋችሁም፣ የቀረብኝም አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ደብተሬ ላይ የተጻፈው 163 ሰው ነው። ቆጥሬዋለሁ። 140ው ሙሉ ከፍሏል። 11ዱ ከፊሉን ከፍሏል። 12ቱ አልከፈሉም። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ሞተዋል፣ ለለቅሶ ሄጃለሁ፣ ስለ ዕዳ አላነሳሁም። ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ከተማ ለቀዋል። የማዝነው በዚያ በአንዱ ብቻ ነው፤ አቅም እያለው በሌላ መንገድ ዞሮ የሚያልፈኝ ሰው ነው። ከዚህ በተረፈ የጠፋብኝ የእጄ ዋጋ ነው እንጂ ክር አልጠፋብኝም።

ሁለት ጎረቤቶቼ ግን ዘግተው ሄዱ። ይህንንም በታማኝነት መናገር አለብኝ። እነሱ ከኔ የሰነፉ ሆነው አይደለም። የነሱ ሱቅ የግለሰብ ኪራይ ነበር፣ የኔ የቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ትንሽ ነው። የነሱ በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ተጨመረባቸው። ምንም ዓይነት ደንብ ብታወጣ እንዲህ ያለውን ኪራይ በኮሌታ አትችለውም። አንደኛው ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። የስፌት መኪናውን አልሸጠውም፤ ቤቱ አልጋ ሥር አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለናንተም ለባለሥልጣኖቹም እንዲደርስ የምፈልገው። በዚያው ዘመን ግብር ሊገምቱ ሰዎች መጡ። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ልብስ ቆጠሩ። ሠላሳ ምናምን ነበር። ሥራህ ደህና ነው አሉኝ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ይሄ ዱቤ ነው፣ ይሄ ባለቤቱ ዘምቶ ያልመጣ ነው፣ ይሄ ተሰፍቶ ቀሪው ያልተከፈለበት ነው ብዬ አንድ በአንድ አሳየሁ። ደብተር ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። ደረሰኝ ከሌለ የለም። በጦርነት ጊዜ ልብስ ሰፊ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ልብስ የሀብት ምልክት አይደለም። ባለቤቱ መጥቶ መውሰድ ያልቻለ ልብስ ነው። በሰላም ጊዜ ግድግዳዬ ባዶ ነው፤ ሰው ወዲያው ይወስዳላ። ጸሐፊው ስለ ትንሽ ነጋዴ ከጻፉ አይቀር ይህንን ቢጽፉልን ትልቅ ውለታ ነው። በሁለት ወገን የተፈረመ የዱቤ ደብተር እንደ መረጃ የሚታይበት መንገድ ይፈለግ።

ከተሰቀሉት መካከል አንድ ግራጫ ሙሉ ልብስ ነበር። የአንድ ወጣት የሰርግ ልብስ። ግማሹን ከፍሎ ነበር። ኅዳር 2014 ላይ ዘመተ። ልብሱን ጨርሼ በላስቲክ ሸፍኜ ሰቀልኩት። ደብተሬ ላይ በስተቀኝ፣ ያለብኝ በሚለው ሥር ጻፍኩት። እናቱ አዴ እንላቸዋለን፣ ሸዋ በር ገበያ ድንች የሚሸጡ ናቸው። በየወሩ ይመጣሉ። ስለ ልጁ አያወሩም። ላስቲኩን ገልጠው እጅጌውን ያያሉ። «አቧራ ይዞታል፣ በል ካውያ አድርግበት» ይሉኛል። አቧራ አልያዘውም። ከሰል አያይዤ እተኩሰዋለሁ። እሳቸው ቁጭ ብለው ያያሉ። ሲያልቅ ያመሰግኑኛል፣ ይሄዳሉ። አሥራ ሁለት ጊዜ ተኩሼዋለሁ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ልጁ ታኅሣሥ ላይ መጣ። ብቻውን ነው የመጣው፣ ሳይነግራቸው። ልብሱን አለበስኩት። ወገቡ ሲዘምት 84 ነበር፣ 77 ሆኗል። ትከሻው ላይ ኮቱ ተንጠለጠለ። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። በአንድ ቀን አጠበብኩለት። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጥኩትም፣ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት። ሰውነቱ ሲመለስ ይለቀቃል። ቀሪውን ልክፈል ሲለኝ የሰርጉ ማግስት ይሁን አልኩት። ከሰርጉ በኋላ አዴ ራሳቸው ገንዘቡንና አንድ ኩንታል ድንች በአህያ ጭነው መጡ። ድንቹን ለመላው ሰፈር አከፋፈልኩ፤ ለብቻዬ የምጨርሰው አልነበረም።

ዛሬም በአገራችን ተኩስ ያልቆመባቸው ቦታዎች አሉ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ክሩ እንደገና ወጣ። ሸሚዝ የሚያስገለብጥ ሰው እንደገና በዝቷል። አሁን በየቀኑ ሦስት አራት ኮሌታ እገለብጣለሁ። አጠገቤ አንድ ልጅ ይዣለሁ፣ ምላጩን እንዴት እንደሚይዝ እያስተማርኩት ነው። ትናንት የመጀመሪያውን ብቻውን ገለበጠ። ስፌቱ ትንሽ ጠመመ፣ ፈትቶ ደገመው።

ጸሐፊው ወደ ሐረር ከመጡ የአባቴን ደብተር ላሳያቸው። ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ካላቸው ይዘው ይምጡ። የክሩን በእጅ፣ የእጄን በዱቤ።

ከአክብሮት ጋር
ልብስ ሰፊው
መኪና ግርግር፣ ሐረር